አንበሳው በማን ድምፅ ይናገር?

ሚያዝያ 2025 ላይ ከሆሊዉድ አንድ ወሬ አፈተለከ። ዳይሬክተሯ ግሬታ ገርዊግ ከሲ.ኤስ. ሉዊስ የልጆች መጻሕፍት ተነሥታ ለኔትፍሊክስ በምትሠራው የናርኒያ ፊልም አስላን ለተባለው አንበሳ ድምፅ እንድትሆን ተዋናይቷ ሜሪል ስትሪፕ እየተነጋገረች ነው ተባለ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ውሎ ሳያድር የመጽሐፎቹ ወዳጆች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን «አስላን ንጉሥ ነው፤ ደራሲው ክርስቶስን እያሰበ የጻፈው ነው» ብሎ ተቆጣ። ሌላው ደግሞ «ድምፅ ነው እንጂ ምን ያስጮኻል?» አለ።

ነገሩን በአማርኛ ሳስበው ጭቅጭቁ ይብሳል። በእንግሊዝኛ ግሱ ጾታ የለውም። በእኛ ቋንቋ ግን አንበሳው ገና አፉን ሳይከፍት ተርጓሚው «መጣ» ወይስ «መጣች» ብሎ መቁረጥ አለበት። ሌላም ፈተና አለ፤ ልጆቹ አንበሳውን «አንተ» ይበሉት ወይስ «እርስዎ»? ለንጉሥም ለሽማግሌም «እርስዎ» የምንል ሰዎች ፈጣሪን ስንለምን ግን «አንተ» ነው የምንለው። ስለዚህ ተርጓሚው «አንተ» ብሎ ከጻፈ፣ እንግሊዛዊው አንባቢ ዓመታት ቆይቶ የሚደርስበትን ምሥጢር አማርኛ አንባቢ ከመጀመሪያዋ ቃል ሊጠረጥር ይችላል።

ምሥጢሩ ለእኛ ከመጀመሪያውም ሩቅ አይደለም። ሲ.ኤስ. ሉዊስ በ1952 ለአንዲት አንባቢ በጻፈው ደብዳቤ ስሙን ያገኘው ከአንድ የሺህ አንድ ሌሊት ትርጉም የግርጌ ማስታወሻ እንደሆነ ነግሯታል። አስላን በቱርክኛ አንበሳ ማለት ነው። አያይዞም ያሰበው የይሁዳን አንበሳ እንደሆነ ጽፎላታል። ሞዓ አንበሳን በገንዘብ ላይ፣ በባንዲራ ላይ፣ በአዲስ አበባ ለገሃር ፊት ለፊት በሐውልት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት የሥነ ጽሑፍ ትምህርት አያስፈልገውም።

እኔ ግን የድምፁ ክርክር ዋናውን ነገር የሸፈነ ይመስለኛል። ገርዊግ ከሰባቱ መጻሕፍት መርጣ የጀመረችበት በአንድ ሕፃን ልጅና በታመመች እናቱ ዙሪያ የተጻፈውን ነው። ያንን ታሪክ በእጃቸው ይዘው ያለፉ ሰዎች ደግሞ ከአንድ በላይ ጊዜ ያንኑ ልጅ ሆነው ኖረዋል።

ሉዊስ በኅዳር 1898 ቤልፋስት ተወለደ። የቤት ስሙ ጃክ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ እናቱ ፍሎራ በካንሰር ታመመች፤ ቀዶ ሕክምናው የተደረገላት እዚያው ቤቷ ውስጥ ነው። በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ አንዲት ሌሊት ያስታውሳል። ራሱንም ጥርሱንም አሞት ያለቅሳል፣ እናቱ ግን አትመጣም። ያልመጣችው እሷም ታማ ስለነበር ነው። ቤቱ ውስጥ የማያውቃቸው ድምፆች፣ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች፣ የሚመላለሱ ሐኪሞች። ከዚያ አባቱ እያለቀሰ ገባ። ልጁ ጸልዮ ነበር፤ ጸሎቱ አልሠራም። ፍሎራ ነሐሴ 23 ቀን 1908 አረፈች፤ ቀኑ የባሏ የልደት ቀን ነበር። በቀጣዩ ወር ጃክ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ።

ቀሪውን የሕይወት ታሪኩን ባጭሩ ልለፈው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቶ በ1918 ቆሰለ፤ በ1925 ኦክስፎርድ ሞድሊን ኮሌጅ መምህር ሆነ፤ እምነቱን ጥሎ ተመለሰ፤ የጦር ጓደኛው እናት ከሆነችው ከወይዘሮ ሙር ጋር ኪልንስ በተባለ ቤት ኖረ። በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ከለንደን ቦምብ የሚሸሹ ልጆች ወደዚህ ቤት ተላኩ። ልጅ ያልወለደ፣ ከልጆች ጋር መዋል ያልለመደ የኦክስፎርድ መምህር ቤት በአንድ ጊዜ በልጆች ተሞላ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚጀምረውም እንዲሁ ነው፤ ከለንደን የተላኩ አራት ልጆች ወደ አንድ ፕሮፌሰር ትልቅ ቤት ይደርሳሉ፤ እዚያ ባለ ቁም ሣጥን በኩልም ናርኒያ ወደተባለች አገር ይገባሉ።

ከእነዚያ ልጆች መካከል ጁን ፍሉዌት የተባለች ወጣት ነበረች። ብዙ ሰዎች ከአራቱ ቁም ሣጥኑን መጀመሪያ ከፍታ የገባችው የትንሿ ልጅ የሉሲ መነሻ እሷ ናት ይላሉ። ሉዊስ የትወና ትምህርት ቤት ክፍያዋን ከኪሱ ሸፍኖላት ተዋናይ ሆነች፤ በኋላ ጂል ፍሮይድ በሚል ስም ታወቀች። «ላቭ አክችዋሊ» የተባለውን የ2003 ፊልም ያየ ሰው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ሠራተኛ ሆና የምትታየውን አሮጊት ያስታውሳታል። እሷ ናት።

ሉዊስ ራሱ ታሪኩ የጀመረው ከአንድ ሥዕል ነው ይላል። ግማሽ ፍየል ግማሽ ሰው የሆነ፣ ፋውን የሚባል ፍጡር በበረዶ ጫካ ውስጥ ጃንጥላ ይዞ፣ ዕቃ አቅፎ ሲሄድ ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ይታየው ነበር። አርባ ገደማ ሲሆን ስለዚያ ሥዕል ታሪክ ልሞክር አለ። አንበሳው እየዘለለ የገባው ኋላ ነው፤ ከገባ በኋላ ግን ታሪኩን ሁሉ ጎትቶ ወሰደው። የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ደራሲ ወዳጁ ቶልኪን አልወደደለትም። የሳንታ ክላውስን፣ የግሪክ ተረትን፣ የሚናገር ቢቨርን በአንድ ድስት መቀቀል ለእሱ ቅጥ ያጣ ነበር። በርታ ያለው ሌላው ደራሲ ወዳጁ ሮጀር ላንስሊን ግሪን ነው፤ ለተከታታዩ «የናርኒያ ዜና መዋዕል» የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በጥቅምት 1950 ወጣ፤ ከዚያ በየዓመቱ አንድ፣ እስከ 1956 ሰባት።

እዚህ ላይ አንዲት ሴት ሁልጊዜ ትረሳለች። ፖሊን ቤይንስ። ሕፃንነቷን ሕንድ አገር ያሳለፈች፣ ሠዓሊ፣ ሥራውን ስትጀምር ከሃያዎቹ ዕድሜ ያልወጣች። የቶልኪንን አንድ አጭር መጽሐፍ አሳምራ ስለነበር በዚያ በኩል ወደ ሉዊስ ደረሰች። የሰባቱንም መጻሕፍት ሥዕሎች የሠራችው እሷ ናት። የፋኖሱን ምሰሶ በበረዶ መካከል፣ ሉሲና ፋውኑ በአንድ ጃንጥላ ሥር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲሄዱ በዓይነ ሕሊናው የሚያይ ሰው የሚያየው የሷን ብዕር ነው። የፊልም ሰሪዎችም እንዲሁ፤ በ2005ቱ ፊልም ፋኖሱ የቆመው እሷ ባቆመችው ዓይነት ነው። የተከፈላት ግን በአንድ ጊዜ ክፍያ እንጂ ከሽያጭ በመቶኛ አልነበረም። በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ የተሸጠ ሥራ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በውል ፈርሞ የተቆጨ የእኛ አገር ዘፋኝ ያውቀዋል።

ሉዊስ ከጀርባዋ ለወዳጆቹ «አንበሳ መሳል አትችልም» ይል ነበር፤ ፊት ለፊት ሊነግራት ግን አልደፈረም። ያም ሆኖ የመጨረሻው መጽሐፍ የካርኔጊን ሜዳልያ፣ የእንግሊዝን የልጆች መጽሐፍ ሽልማት፣ ሲያገኝና እሷ የደስታ ደብዳቤ ስትጽፍለት፣ ሜዳልያው የእሱ ብቻ ሳይሆን «የእኛ» አይደለም ወይ ብሎ መለሰላት። ደግ ሰው ነበር፤ በአንበሳው ነገር ግን ማንንም አያምንም።

በፊልም ደግሞ ይብሱን አያምንም። በታኅሣሥ 1959 ለቢቢሲው የሬዲዮ አዘጋጅ ላንስ ሲቭኪንግ በጻፈው ደብዳቤ ታሪኩ በቴሌቪዥን መሠራቱን ፈጽሞ እንደሚቃወም ነገረው። ሰው እንስሳ ለብሶ ሲጫወት ወይ ቀልድ ይሆናል ወይ ቅዠት። ሰው የሚጫወተው አስላንማ ለእሱ ስድብ ነው፤ በፈጣሪ ላይ የሚሰነዘር ዓይነት። ካርቱን ቢሆን ሌላ ነገር ነበር፤ ዋልት ዲዝኒ ያን ችሎታውን ከርካሽነት ጋር ባያደባልቀው ኖሮ። አርባ ስድስት ዓመት ቆይቶ ናርኒያን በትልቁ ስክሪን ያመጣው ድርጅት ማን ሆነ? ዲዝኒ።

ደብዳቤው ዛሬም ይጠቀሳል፤ የዛሬውን ክርክር ግን አይፈታም። ሉዊስ የፈራው ልብስ ለብሶ በአራት እግሩ የሚድህ ሰው ነው። ድምፅን ፈርቶ አልነበረም፤ ለሬዲዮው ፈቅዷል።

ፍርሃቱ ግን ከንቱ አልነበረም። ደራሲው በ1963 ከሞተ በኋላ፣ በ1967 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በአሥር ክፍል ሠራው፤ ከዚያ ውስጥ የተረፈው ጥቂት ነው። በ1979 የቻርሊ ብራውን አኒሜተር ቢል ሜሌንዴዝ ካርቱን አደረገውና ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት አገኘ። ከ1988 እስከ 1990 ደግሞ ቢቢሲ ከሰባቱ መጻሕፍት አራቱን በተከታታይ አሳየ። የዚያ ጊዜው አስላን ውስጡ ሁለት ሰዎች የገቡበት ትልቅ አሻንጉሊት ነው። ዛሬ ስናየው ዓይኑ ይንቀሳቀሳል፣ መንጋጋው ይከፈታል፣ ሲራመድ ግን ፊተኛው ሰው ከኋለኛው ጋር አልተስማማም። በዚያ ዘመን ያደጉ እንግሊዞች አሁንም ይወዱታል። ልጅ ያልሆነ ሰው ግን ከሳቅ አያመልጥም፤ ሉዊስ «ወይ ቀልድ» ያለው ይህንኑ ነው።

አንበሳው አንበሳ እስኪመስል ኮምፒውተር መጠበቅ ነበረበት። ዎልደን ሚዲያ መብቱን ገዝቶ ከዲዝኒ ጋር ተጣመረ፤ «ሽሬክ»ን የሠራው የኒውዚላንዱ አንድሩ አዳምሰን አዘጋጀው፤ በታኅሣሥ 2005 ወጣ። የአስላንን ጸጉር አንድ በአንድ የሠሩት ሪዝም ኤንድ ሂውዝ የተባለው ስቱዲዮ ባለሙያዎች ናቸው። ለድምፁ መጀመሪያ የተመረጠው ብራያን ኮክስ ነበር፤ በኋላ በሊያም ኒሰን ተተካ። ኒሰን እንደ ሉዊስ የሰሜን አየርላንድ ልጅ ነው። ያን ጊዜም ድምፁ ተቀይሯል፣ የጮኸ ሰው ግን አልነበረም። ስለ ስቱዲዮው አንድ ነገር ልጨምር፦ በየካቲት 2013 በሌላ ፊልም፣ በነብሩ ፊልም በ«ላይፍ ኦፍ ፓይ»፣ ኦስካር ያገኘው ኪሳራ ባወጀበት በዚያው ወር ነው። ተመልካች ስሙን የማያውቀው ሠራተኛ ለውድድር ባነሰ ዋጋ እየተጫረተ የሚሠራበት ሥራ ነውና።

ፊልሙ በ180 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ወደ 745 ሚሊዮን አስገባ። ለምን ተሳካ ብባል ስለ ጦርነቱ ትዕይንት አላወራም። ስለ ጆርጂ ሄንሊ ነው። ሉሲን የተጫወተችው ይህች ትንሽ ልጅ የበረዶውን ጫካ አስቀድማ እንዳታይ ተደረገ፤ በቀረጻው ቀን ዓይኗን ሸፍነው ተሸክመው አስገቧትና ካሜራው እየሠራ ገለጡላት። ፊቷ ላይ ያለው ግርምት ትወና አይደለም። ናርኒያ ማለት ያ ፊት ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ከካፖርቶቹ ኋላ እንጨት ስትጠብቅ ቅዝቃዜ እጇን የነካት ልጅ ፊት።

ሁለተኛው ይህን ረሳ። «ልዑል ካስፒያን» በ2008 በ225 ሚሊዮን ዶላር የተሠራ የጦርነት ፊልም ሆነ፤ እንደ መጀመሪያው በገና ሰሞን ሳይሆን በግንቦት ከትልልቆቹ ጋር ተጋፍቶ 419 ሚሊዮን ገደማ አስገባና ዲዝኒ ራሱን አወጣ። ሦስተኛው በ2010 በፎክስ በኩል ወጥቶ ከዚያው አካባቢ አልራቀም። ከዚያ የዎልደን ውል አበቃ፤ አራተኛውን ለመሥራት ተባለ፣ ዳይሬክተር ተሾመ፣ ሳይሠራ ቀረ። በጥቅምት 2018 ኔትፍሊክስ የሰባቱንም መጻሕፍት መብት ወሰደ፤ ሰባቱ በአንድ ድርጅት እጅ ሲገቡ ያ የመጀመሪያው ነው።

መብቱን የሚሰጠው ማን ነው? የሉዊስን ሥራዎች የሚያስተዳድረው የሲ.ኤስ. ሉዊስ ኩባንያ ነው። በእንግሊዝ የቅጂ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ስለሚቆይ እስከ 2033 መጨረሻ የእነሱ ነው፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው መጽሐፍ እስከ 2045 መጨረሻ ይጠበቃል። ካናዳ ግን የቆየው ሕጓ 50 ዓመት ስለነበር ከ2014 ጀምሮ ናርኒያ የሁሉም ናት። ኩባንያው ቀልድ አያውቅም። በ2008 አንድ የስኮትላንድ ቤተሰብ ለልጁ የልደት ስጦታ ብሎ የገዛውን የናርኒያ ስም ያለበት የድረ ገጽ አድራሻ በዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ከስሶ አስመልሶታል። የልጆች መጽሐፍ ባለመብት ከልጅ ጋር ሲካሰስ ማየት ደስ አይልም፤ ዝም ያለ ባለመብት ደግሞ ስሙን ያጣል።

ለዓመታት የዚህ ቤት ፊት ሆኖ የታየው ዳግላስ ግሬሻም ነው፤ ከሦስቱ ፊልሞች ፕሮዲዩሰሮችም አንዱ ነበር። እሱ የሉዊስ የእንጀራ ልጅ ነው። እናቱ ጆይ ዴቪድማን አሜሪካዊት ገጣሚ ነበረች። በ1953 ስምንት ዓመቱ ላይ ኪልንስ ሲደርስ ከአስላን ጋር የሚነጋገር፣ ጥሩር የለበሰ ባላባት ጠብቆ ነበር። በሩን የከፈተለት ጎበጥ ያለ፣ ራሱ የተመለጠ፣ ጣቶቹ በሲጋራ የወየቡ ሽማግሌ መምህር ነው። አምስተኛው መጽሐፍ ለእሱና ለወንድሙ ለዴቪድ መታሰቢያ ተደርጎ ወጣ። ሉዊስና ጆይ በ1956 ተጋቡ፤ በዚያው ዓመት የጆይ ካንሰር ታወቀ፤ ጥቂት ዓመት ሻል ብሏት በሐምሌ 1960 ሞተች። ዳግላስ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ አሁን ገርዊግ ወደያዘችው መጽሐፍ እንመለስ። በ1955 የወጣ፣ ስለ ናርኒያ አፈጣጠር የሚተርክ፤ በኅትመት ስድስተኛ፣ በታሪክ ቅደም ተከተል መጀመሪያ። በአማርኛ ርእሱ «የአስማተኛው የእህት ልጅ» መሆን አለበት። እንግሊዝኛው የወንድም ይሁን የእህት አይለይም፤ ታሪኩን ስናነብ ግን አስማተኛው አጎት አንድሩ የታሪኩ ልጅ የዲጎሪ እናት ወንድም ነው። አሳታሚዎች ከ1994 ጀምሮ መጽሐፉን ቁጥር አንድ አድርገው ያስቀምጡታል። ለዚህ ማስረጃቸው ሉዊስ በ1957 ከአንድ አሜሪካዊ ልጅ ጋር ተስማምቶ የጻፈው ደብዳቤ ነው። እኔ ከቁም ሣጥኑ የሚጀምሩት ወገን ነኝ፤ ፋኖሱ እንዴት ጫካ ውስጥ እንደበቀለ አስቀድሞ የተነገረው ልጅ በበረዶው መካከል ሲያየው ምን ይገርመዋል?

ገርዊግ ግን ለመጀመሪያነት ሌላ ምክንያት ሊኖራት ይችላል፤ አራቱን ልጆች ሁሉም ሰው አይቷቸዋል። ከ«ባርቢ» ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ በኋላ ኔትፍሊክስ እሺ የማይላት ነገር ትንሽ ነው፤ ሲኒማ ቤትን የሚሸሸው ድርጅት እንኳ ይህን ፊልም መጀመሪያ ግዙፍ ስክሪን ባላቸው የአይማክስ ሲኒማ ቤቶች ለማሳየት ተስማማላት። ጠንቋይዋን ኤማ ማኬይ፣ አጎት አንድሩን ዳንኤል ክሬግ፣ የታመመችውን እናት ኬሪ መሊጋን እንደሚጫወቱ ተዘግቧል። በ2025 ለንደን ጎዳና ላይ ሲቀረጽ የተነሡ ፎቶዎች ዘመኑ ከ1900 አካባቢ ወደ 1950ዎቹ መሻገሩን ያመለክታሉ። ከድምፁ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። በመጽሐፉ እናት ለሞት ታማ የተኛችው ሆስፒታል አይደለም፣ ቤት ውስጥ ነው፤ ልጁ በእግሩ ጣት ይሄዳል፣ በር ሥር የሐኪም ወሬ ያደምጣል። ያ ቤት የ1908ቱ የቤልፋስት ቤት ነው። ሉዊስ ይህን መጽሐፍ ሲጀምር በ1949 ነው፤ ያቋርጠዋል፣ ይመለስበታል፣ የጨረሰው በ1954 ነው። ሌሎቹን ግን በወራት ነበር የሚጨርሳቸው።

ዲጎሪ አንበሳው ፊት ቆሞ እናቴን አድንልኝ ብሎ ይለምናል። ቀና ብሎ አያየውም፤ እግሮቹንና ጥፍሮቹን ብቻ ነው የሚያየው። ተስፋ ሲቆርጥ ቀና ይላል። አንበሳው ወደ እሱ ጎንበስ ብሏል፤ ዓይኖቹ ውስጥ ከልጁ እንባ የሚበልጥ እንባ አለ፤ ስለ እናቱ ከእሱ ይልቅ አንበሳው ያዘነ እስኪመስለው ድረስ። እዚህ ቦታ አንበሳው የሚናገረው ጥቂት ነው፤ «ልጄ፣ ልጄ» ይለዋል፤ ሐዘኑን እንደሚያውቀው ይነግረዋል። ኋላ ላይ ለልጁ ፖም ይሰጠዋል።

ዲጎሪ ለንደን ይመለሳል። ወደ እናቱ መኝታ ቤት ይገባል። ፖሙን ይልጥና ቆራርጦ አንድ በአንድ ያጎርሳታል። በልታ እንደጨረሰች ፈገግ ትላለች፣ ራሷ ትራሱ ላይ ይወድቃል፣ ያለ መድኃኒት እንቅልፍ ይወስዳታል። ልጁ ልቡ እየመታ የተረፈውን የፖም ልብ ይዞ ቀስ ብሎ ይወጣና ጓሮ ይቀብረዋል። በማግስቱ ሐኪሙ ከደረጃው ሲወርድ ተአምር የመሰለ ነገር እንዳየ ለአክስቱ ሲናገር ይሰማል። ከተቀበረው ፖም ዛፍ ይበቅላል፤ ዛፉ በዐውሎ ነፋስ ሲወድቅ ዲጎሪ፣ ያን ጊዜ አድጎ ፕሮፌሰር ሆኗል፣ እንጨቱን ቁም ሣጥን ያሠራበታል።